የዱር ተርኪ አደን በደቡብ ቴክሳስ እሾህ ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴክሳስ ያለው ወገናችን አደን ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው አጋዘን ነው። የጸደዩን የተርኪ አደን አንዴ የቀመሰ ግን ማርች እስኪገባ ቀን ይቆጥራል። ከሳን አንቶኒዮ ወደ ደቡብ፣ እስከ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ድረስ ያለው አገር ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ነው። ብራሽ ካንትሪ ይሉታል። እዚያ ተርኪ ማደን ሌላ ቦታ ዋርካ የሚያህል ዛፍ ተደግፎ እንደማደን አይደለም። ከዳላስና ከሂዩስተን የሚደውሉልኝ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እሾህ ውስጥ ተርኪን አይከተሉትም፤ መንገዱ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የዱሩ ተርኪ ታንክስጊቪንግ ላይ ከምንገዛው ጋር አንድ ነው?

ዝርያው አንድ ነው። የሱፐርማርኬቱ ተርኪ ዘሩ የሚመዘዘው ጥንት የሜክሲኮ ሕዝቦች ካላመዱት የዱር ተርኪ ነው። ስፔኖች ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ሰፋሪዎች ደግሞ ከአውሮፓ ይዘውት ወደ ሰሜን አሜሪካ መጡ። የዱሩ ግን ቀጭንና እግረ ረጅም ነው። ላባው ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መዳብ ያብረቀርቃል። ይበርራል፣ ያውም በፍጥነት።

አሜሪካ ውስጥ አምስት ንዑስ ዝርያዎች አሉ። ደቡብ ቴክሳስ ያለው ሪዮ ግራንዴ የሚባለው ነው። የጅራቱ ላባ ጫፍ የገለባ ቀለም አለው። አውራው ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ የዚያን ግማሽ ያህል ናት። አውራውን ከደረቱ በተንጠለጠለው ጥቁር ጢምና ከእግሩ ጀርባ በሚወጣው ሹል ጥፍር ትለዩታላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር ተርኪ የለም። ጅግራ አድኖ የሚያውቅ ሰው ግን ጠባዩን ቶሎ ይለምደዋል። በመንጋ ይሄዳል፣ ከመብረር መሮጥ ይቀናዋል፣ ማታ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድራል። ዓይኑ ደግሞ አይጣል ነው።

እሾሁ ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ዓይነት ነው። ዋናው መስኪት ነው። በአፋር ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አዋሽ አካባቢ የኖረ ሰው ቅጠሉን ሲያይ ያውቀዋል። እሾሁ የጫማ ሶል ይበሳል፣ የመኪና ጎማም አይቀረውም። ዊሳች የሚሉት ከግራር ወገን ነው። ጸደይ ሲመጣ ቢጫ አበባ ያብባል፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ነጫጭ እሾሁ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ በየቅርንጫፉ ላይ ተደርድሯል። በለስ በየቦታው አለ። በመካከሉ ደግሞ ታሳሂዮ የሚባል እንደ እርሳስ የቀጠነ ቁልቋል ይበቅላል። ነካ ካደረጋችሁት ቁራጩ ተነቅሎ ከነእሾሁ ሱሪያችሁ ላይ ይቀራል።

እኔ በጣም የምጠነቀቀው ካትክሎ የሚሉትን ነው። አገር ቤት ቀንጠፋ ይዞት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጥፍሩ ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ወደ ፊት በገፋችሁ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። ሲይዛችሁ ቁሙ። ግማሽ እርምጃ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። ከዚያ በጓንት ቅርንጫፉን ያዙና ቀስ ብላችሁ አላቅቁት። መታገል ልብስ ከመቅደዱም በላይ ድምፅ ያወጣል፤ ያንን ድምፅ ተርኪው ከሩቅ ይሰማዋል።

ተርኪ እንዲህ ባለ እሾህ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሴቷ እንቁላል የምትጥለው ከቁጥቋጦ ሥር ሣር ውስጥ ተሸሽጋ ነው። አውራው ግን ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ውስጥ ቆሞ መዋል አይወድም። ቦብካት የሚሉት የዱር ድመትና ካዮቲ የሚሉት የቀበሮ ዘመድ የሚያደፍጡት እዚያ ነው። ከሞት የሚያስጥለው ዓይኑ ነው፤ እሾሁ ደግሞ ዓይኑን ይጋርድበታል። በዚያ ላይ በጸደይ ዋና ሥራው መታየት ነው። ክንፉን ወደ መሬት ጥሎ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። ለዚህ ገላጣ ይፈልጋል።

ገላጣው ደግሞ ጥቂት ነው። እሾሁን በቡልዶዘር መንጥረው ያወጡት ቀጥ ያለ ጎዳና አለ፣ ሰንዴሮ ይሉታል። የጋዝ ቧንቧ ያለፈበት መስመር አለ። ከብት ውሃ የሚጠጣበት ኩሬ ዳር አለ። ካሊቺ በሚሉት ኖራማ ጠጠር የተሠራው ነጭ መንገድ አለ። ተርኪው ከአንዱ ገላጣ ወደ ሌላው የሚሄደው በከብትና በአሳማ መሄጃ ወይም በደረቀ ጅረት ውስጥ ነው። እንግዲህ እሾሁ ለእኛ ያገዘን እዚህ ላይ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ተርኪ በፈለገው አቅጣጫ ይመጣል። እዚህ ግን የሚመጣበት በር ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው።

በሩን ለማወቅ መሬቱን አንብቡ። የተርኪ ዱካ ሦስት ጣት አለው፣ የመሃሉ ይረዝማል። አሸዋማ መንገድ ላይ ከዱካው ግራና ቀኝ ቀጫጭን ጭረቶች ካያችሁ ቁሙና ደህና አድርጋችሁ ተመልከቱት። አውራው ሲንጎራደድ የክንፉ ጫፍ መሬቱን እየጫረ ያለፈበት ነው። ነገም እዚያው ሊመለስ ይችላል። ኩሱም ይናገራል፦ ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ ከዘራ የታጠፈው የአውራው ነው፣ የተጠቀለለው የሴቷ ነው።

ታዲያ የት ልቀመጥ?

አብዛኛው ሰው ረጅሙን ሰንዴሮ ሲያይ ይደሰታል። ግራና ቀኝ እስከ ሩቅ ድረስ ስለሚታየው መሃሉ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ ተርኪውም ያያል። የሴት ድምፅ ሰምቶ የሚመጣ አውራ ሴቷን ከሚያይበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ዞር ዞር ብሎ ይፈልጋታል። ካጣት እዚያው ሆኖ ይንጎራደዳል እንጂ አይጠጋም። ገላጣው 100 ያርድ ከሆነ በ80 ያርድ ላይ ቆሞ ያስለቅሳችኋል።

ስለዚህ ተርኪው እናንተ ያላችሁበትን ቦታ ለማየት ሲል የግድ 30 ያርድ ውስጥ መግባት ያለበትን ቦታ ምረጡ። የሰንዴሮ መታጠፊያ አንድ ነው። ሁለት መሄጃዎች የሚገናኙበት ማዕዘን ሌላ ነው። ትንሽ ጉብታ ካለች ከጉብታዋ ማዶ ተቀመጡ። ኩሬ ከሆነ ከዳሩ ሳይሆን ወደ ኩሬው ከሚያስገባው መሄጃ ጎን ሁኑ።

ከመቀመጣችሁ በፊት በእናንተና በተርኪው መካከል ምን እንዳለ አስቡ። ብዙ ርስት ለአጋዘን ሲባል 8 ጫማ ከፍታ ባለው ሽቦ ታጥሯል። መብረር ይችላል ብላችሁ አትተማመኑ፤ አጥር ሥር ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ የሚሄድ ተርኪ ብዙ ነው። የበለስ ግድግዳም እንደ አጥር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከመጥራታችሁ በፊት እናንተ ወደ እሱ በኩል ተሻገሩ።

ሌላ ቦታ ከትከሻ የሚሰፋ ግንድ ተደገፉ ይባላል። መስኪት ግን ግንዱ ቀጭን ነው። እዚህ የምትደገፉት ጥላውን ነው። ወፍራም ቁጥቋጦ ከኋላችሁ ይሁን፣ ፀሐይ ፊታችሁን አትምታው። የርስቱ ባለቤት ከፈቀደ ትንሽ የአትክልት መቀስ ይዛችሁ መቀመጫችሁን ጥረቡ። ከፊት ለፊት ግን ብዙ አትቁረጡ፤ ጉልበት ድረስ የሚመጣ ሣርና ቅርንጫፍ የእጃችሁን እንቅስቃሴ ይሸፍናል። መሬቱን በእግራችሁ ጠርጋችሁ እባብም ጊንጥም አለመኖሩን እዩ። በቀኝ እጅ የምትተኩሱ ከሆነ ግራ ትከሻችሁን ተርኪው ወደሚመጣበት አዙሩ። ከዚያ 30 ያርድ ላይ ያለ አንድ ቁጥቋጦ ወይም ድንጋይ ለዩ። ተርኪው ያንን ካላለፈ አትተኩሱ።

ማታ የት ያድራል? ማደሪያው ሥር ልጠብቀው?

ረጅም ዛፍ ይወዳል። ወንዝና ጅረት ዳር ያለ ኦክ፣ ፒካን፣ ሃክቤሪ ላይ ያድራል። ደቡብ ቴክሳስ ረጅም ዛፍ ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ተደርድሮ ታዩታላችሁ። ቦታው ከተስማማው ዓመት ከዓመት ይመለስበታል።

ማደሪያው ሥር መጠበቅ አይገባም። ማደሪያ ላይ ያለ ወፍ መተኮስ ነውር ነው፣ መንጋውም ተረብሾ ቦታውን ትቶ ሊሄድ ይችላል። ይልቅ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ራቅ ብላችሁ ድምፁን አዳምጡ። ጠዋት ሳይነጋ ሄዳችሁ፣ ከማደሪያው 150 ያርድ ያህል ርቃችሁ፣ ከዛፍ ሲወርድ የሚሄድበት በኩል ተቀመጡ። እሾሁን በጨለማ ከመጋፈጥ መሄጃችሁን ቀን አጥንታችሁ እደሩ።

እንዴት ነው የምጠራው?

በጸደይ የሚጠራው በሴት ድምፅ ነው። ለጀማሪ የእንጨት ሳጥን የሚመስለው ቦክስ ኮል ይቀላል። ክዳኑን በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ስታሹት ሴቷን ይመስላል። ደቡብ ቴክሳስ ነፋስ ስለሚበዛበት የዚህ ድምፅ ራቅ ብሎ ይሰማል። ስሌት የሚባለው ጠፍጣፋ መጥሪያ፣ በእንጨት የሚጫረው፣ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል። አፍ ውስጥ የሚገባው ልምድ ይፈልጋል፣ ግን ሁለቱንም እጅ ነፃ ያደርጋል። ተርኪው ሲቀርብ ያ ጥቅም ትልቅ ነው።

ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ተከታትሎ የሚወጣው ጥሪ ዋናው ነው። አንድ ጊዜ ጥሩና አዳምጡ። ከመለሰ ቦታችሁን አውቋል። ተርኪ የድምፅን ምንጭ ነጥሎ ያገኛል። ከዚያ በኋላ አታብዙ። በተፈጥሮ ወደ አውራው የምትሄደው ሴቷ ናት፤ እናንተ የተገላቢጦሹን እየጠየቃችሁት ነው። ደጋግማችሁ ስትጠሩ እየመጣች ነው ብሎ ባለበት ይቆማል። ዝም ስትሉ ግን ሊፈልጋት ይነሳል።

እሾህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይመጣል። ጆሯችሁን ለትንሽ ድምፅ ክፈቱ። ደረቅ ቅጠል ላይ የሰው የሚመስል እርምጃ፣ ወይም ከሆድ የሚወጣ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ከሰማችሁ እዚያው አጠገባችሁ ነው። ያኔ ዓይናችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ። አንድ ጊዜ ቁርጥ ያለ «ፐት» ካለ ግን ደንግጧል፣ ሊሮጥ ነው።

ድምፁ ቀርቧል፣ ግን አይታየኝም። ልጠጋው?

አይሆንም። ቀድሞ የሚያያችሁ እሱ ነው፤ ቀለም ይለያል፣ ዓይኑ በጎኑ ስለሆነ አንገቱን ትንሽ ሲያዞር ዙሪያውን ያያል። ከዚያ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። የምትሰሙት ድምፅ የሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። በተርኪ አደን ሰው በሰው የሚመታው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ድምፅ ተከትሎ ሲገባ ነው።

በዚሁ ላይ ይህን ጨምሩ። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ልብስ አትልበሱ፤ የአውራው ራስና አንገት ቀለም ነው። የውስጥ ካናቴራችሁና ካልሲያችሁ ሳይቀር እነዚህ ቀለሞች እንደሌሉበት ፈትሹ። ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታውለብልቡ፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ጭንቅላቱንም፣ ጢሙንም፣ ከኋላው ያለውንም በግልጽ ሳታዩ ጣታችሁ ምላጩ ላይ አይሂድ። የገደላችሁትን ተሸክማችሁ ስትወጡ ብርቱካንማ ጨርቅ ጠቅልሉበት።

ዲኮይ (ማታለያ የተርኪ ምስል) ያስፈልጋል?

እሾህ ውስጥ የግድ አይደለም። ካስቀመጣችሁ ከ15 እስከ 20 ያርድ ገላጣው ላይ አንዲት የሴት ተርኪ ምስል ትበቃለች። ስትወስዱም ስትመልሱም ከረጢት ውስጥ ትሁን።

ምን ዓይነት መሣሪያ?

ባለ 12 ወይም ባለ 20 ጌጅ ሾትገን። ጥይቱ የእርሳስ ከሆነ ቁጥር 4፣ 5 ወይም 6። የተንግስተን ከሆነ ቁጥር 9ም ይሠራል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። የሚታለመው አካሉ ሳይሆን ራሱና አንገቱ ነው።

ሱቅ ስትገቡ በጣም ጠባቡን የተርኪ ቾክ ይሰጧችኋል፤ ቾክ አፈሙዙ ላይ የሚገባ፣ የጥይቱን መበተን የሚወስን ቱቦ ነው። ለክፍት ሜዳ ጥሩ ነው። እሾህ ውስጥ ግን ወፉ 15 ያርድ ላይ ብቅ ሊል ይችላል፤ በዚያ ርቀት ጠባብ ቾክ የሚበትነው የብርቱካን ያህል ስለሆነ መሳት ቀላል ነው። እኔ ሞዲፋይድ የሚሉትን መካከለኛውን ወይም ከእሱ ትንሽ የጠበበውን እመርጣለሁ። ከአደኑ በፊት በ15፣ በ25 እና በ35 ያርድ ወረቀት ላይ ተኩሱና የራሳችሁን መሣሪያ እወቁት።

ጭራሮ ውስጥ አትተኩሱ። የመስኪት ቅርንጫፍ ቀጭን ቢመስልም ጥይቱን ይበታትነዋል፣ ወፉ ቆስሎ ይሄዳል። እሾህ ውስጥ የገባ ቁስለኛ ተርኪ ደግሞ ማግኘት በጣም ይከብዳል። ወደ ክፍተቱ እስኪገባ ጠብቁት።

በሪዮ ግራንዴ ተርኪ ካውንቲዎች በጠብመንጃም (ራይፍል) ማደን ሕጋዊ ነው። ከእሾሁ ጀርባ ማን እንዳለ በማይታይበት ቦታ ግን እኔ አልመክርም።

ምን ልልበስ? እሾህ ቢወጋኝስ?

ወፍራም የሸራ ሱሪ፣ ወይም ከፊቱ ሸራ የተሰፋበት። ናይለኑ ቅርንጫፍ ሲነካው ስለሚያፏጭ ይቅርባችሁ። የቆዳ ጓንት ለመንገድ፣ ስስ ጓንት ለመቀመጫ። የፊት መሸፈኛ። ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ። መቀመጫ ትራስ አትርሱ፣ አንድ የበለስ እሾህ ረጅሙን ጠዋት ያበላሻል።

ኪሳችሁ ውስጥ ወረንጦና ትንሽ ፒንሳ ይኑር። የታሳሂዮ ቁራጭ በጣት አይነካም፤ በፒንሳ ወይም በማበጠሪያ አንሱት። የበለሱ ጥቃቅን ጸጉር መሳይ እሾህ በወረንጦ አያልቅም፤ ወፍራም ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትነቅሉት አብዛኛው ይወጣል። የመስኪት እሾህ ጉልበት ወይም የጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረና ካበጠ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በራሱ ይወጣል እየተባለ የሚቆይ ነገር አይደለም።

እባቡስ?

አለ። ራትል ስኔክ የሚወጣው ልክ ተርኪ በሚታደንበት ወቅት ሙቀቱ ሲጀምር ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ የእባብ መከላከያ ግዙ፣ ገንዘቡ አይቆጭም። በማታዩበት ቦታ እጅም እግርም አታስገቡ። የወደቀ ግንድ ላይ ቆማችሁ ማዶውን ሳታዩ አትሻገሩ።

ከነደፈ አትቁረጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት፣ በረዶም አታድርጉበት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈውን ሰው አረጋጉት፣ 911 ደውሉ። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው። ብዙ ርስት ላይ ኔትወርክ ስለማይሠራ የሆስፒታሉን መንገድ ከመግባታችሁ በፊት እወቁት። ለብቻ አትሂዱ።

ጠዋት ብቻ ነው የሚታደነው?

ጠዋት ድምፁ ይበዛል። ግን ያኔ ሴቶቹ አብረውት ናቸው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሴቶቹ ወደ እንቁላላቸው ሲሄዱ አውራው ብቻውን ይቀራል። አብዛኛው አዳኝ ቁርስ ሊበላ የሚወጣበት ሰዓት ነው። እናንተ ቆዩ። ሙቀቱ ሲበረታ ጥላና ውሃ ያለበት መሄጃ ላይ ተቀመጡ፣ በቂ ውሃ ያዙ።

ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? ዜጋ ላልሆነ ሰውስ?

የቴክሳስ ነዋሪ የአደን ፈቃድ 25 ዶላር ነው። ለተርኪ የአፕላንድ ጌም በርድ ተጨማሪ ፈቃድ በ7 ዶላር ይገዛል። ፈቃዱ ኦገስት 31 ያበቃል። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኞች ትምህርት መውሰድ አለበት፤ 17 ዓመት የሞላው በኢንተርኔት ሊጨርሰው ይችላል። የደቡብ ቀጠና የጸደይ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። በብዙዎቹ ካውንቲዎች በዓመት እስከ 4 ተርኪ ይፈቀዳል። ቁጥሩም ቀኑም በካውንቲ ስለሚለያይ የምትሄዱበትን ካውንቲ ደንብ ቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ድረ ገጽ ላይ በየዓመቱ እዩ። ወፉን እንዳነሳችሁ ታግ (የፈቃዱን መለያ) አድርጉበት፣ ጾታውን የሚያሳየውን ጢም ወይም እግር አትጣሉ።

የወረቀት ጉዳይ ከባድ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሕግ እገዳ ከሌለበት መሣሪያ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በፌደራል ሕግ በጥቅሉ ተከልክሏል፤ በአሜሪካ የተሰጠ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ የያዘ ግን ከክልከላው ውጭ የሚሆንበት አንቀጽ አለ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ፣ ወይም ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር የጓደኛውን መሣሪያ እንኳ ለፎቶ አይያዝ። ስንት ዓመት የተለፋበት ወረቀት ነው።

መሬቱን ከየት አመጣለሁ?

ከቴክሳስ መሬት 95 በመቶ ያህሉ የግል ነው። አጋዘን የሚያድን የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ጠይቁት፤ ለአጋዘን የተከራዩት ርስት በጸደይ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በቀን ሒሳብ የሚያስገቡ ባለርስቶችም አሉ። የመንግሥት ቦታ ከፈለጋችሁ በካሪዞ ስፕሪንግስና በኮቱላ መካከል ያለውን ቻፓራል የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ የመሰሉ በዕጣ የሚያስገቡ አሉ። ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ከተቀባ መግባት ክልክል ማለት ነው። ጽሑፍ ባይኖርም ሕጉ እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል።

ጾም ላይ ነው የሚውለው። ምን ላድርግ?

እውነት ነው፣ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው። በ2027 ግን ሜይ 2 ስለሆነ የደቡቡ ወቅት ከሞላ ጎደል በሙሉ ጾም ነው። መፍትሔው ፍሪዘር ነው። አየር በማያስገባ ላስቲክ ከታሸገ ለፋሲካ በደንብ ይደርሳል። በተኩስ የሞተ ሥጋ ይበላል ወይ ለሚለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የራሱን የሃይማኖት አባት ይጠይቅ። ከአደኑ በፊት ጠይቁ፤ የማይበላ ወፍ መግደል የለብንም።

ዶሮ ወጥ ይሆናል?

ይሆናል፣ ያውም ግሩም። ግን እንደ ዶሮ አድርጋችሁ አትሥሩት።

መጀመሪያ ሙቀቱን ቅደሙት። ኤፕሪል ላይ እዚያ ከ90 ዲግሪ ፋራናይት በላይ መውጣት የተለመደ ነው። ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጡና በረዶ ላይ አድርጉት። ወጣችን ቆዳ ስለማይፈልግ ላባ መንጨት ቀረላችሁ፤ ከነቆዳው ግፈፉት። ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ቢጫ፣ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ስብ ታገኛላችሁ። አውራው በጸደይ ሴት ሲከተል ብዙ ስለማይበላ የያዘው ስንቅ ነው። ጣዕሙ ጥሩ ስላልሆነ ጠርጋችሁ ጣሉት። አንገትና ደረት አካባቢ የቀረ ጥይት ካለ በጣታችሁ ዳስሳችሁ አውጡ፣ ጥርስ ይሰብራል።

ከዚያ ለሁለት ክፈሉት። ደረቱ ስብ የለውም፣ ወጥ ውስጥ ከቆየ ይደርቃል። ከሥጋው ክር በተቃራኒ ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡና በንጥር ቅቤ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ጥብስ አድርጉት፣ ቶሎ አውርዱት። ታፋውና እግሩ ነው የወጥ ሥጋ። ታችኛው እግር ውስጥ እንደ ሽቦ የጠነከሩ ጅማቶች አሉ። በሎሚና በጨው አጥባችሁ፣ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ጨምሩትና በዝግታ ሦስት ሰዓት ያህል ይብሰል። ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ ጅማቶቹን ለቅማችሁ አውጡ። እንቁላሉና መከለሻው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።